ስሙን የለወጠ ኪራይ፦ ብቻዋን ቤት ለምትከራይ ጠያቂ የተሰጠ የሕግ ምላሽ

ጥያቄ፦ ያላገባሁ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ስቱዲዮ በወር 15,000 ብር ልከራይ ተስማምቼ ነበር። ውል ልንፈራረም ስንል ግን አከራዩ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያና የአንድ ወር መያዣ፣ ለውሃና ለመብራት በየወሩ ቁርጥ 1,800 ብር፣ ለጥበቃና ለጽዳት 700 ብር ጠየቁኝ። የሚኖሩት እዚያው ሕንፃ ላይ ስለሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እንዳልገባ፣ ምጣድ እንዳልጠቀም፣ እንግዳ ካሳደርሁ ለአንድ ሌሊት 300 ብር እንድከፍል፣ ትርፍ ቁልፉም እሳቸው ዘንድ እንዲቀመጥ ይፈልጋሉ። ብቻዬን ስለምኖር ዋስ አምጪ ተብያለሁ። በውሉ ላይ የሚጻፈው ኪራይ ደግሞ 9,000 ብር ብቻ ነው። የቱን ልቀበል፣ የቱን እምቢ ልበል?

ምላሽ፦ የዘረዘሯቸው ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ስለተነገሩዎት አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ በሕግ ዓይን በጣም ይለያያሉ። አንዳንዱ አከራዩ በእውነት የሚያወጡት ወጪ ነው፤ እሱን መጋራት ተገቢ ነው። አንዳንዱ ስሙን የለወጠ ኪራይ ነው። የቀረው ደግሞ ከቤቱ ጋር ሳይሆን ከእርስዎ አኗኗር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲሰሙ በቅድሚያ ሊጠይቁ የሚገባዎት፣ ወጪው የማን ነው፣ ደረሰኝስ አለው ወይ የሚለውን ነው። ደረሰኝ የሌለው፣ ቢጠቀሙም ባይጠቀሙም በየወሩ የሚከፈል ገንዘብ ምንም ስም ይሰጠው ኪራይ ነው።

ይህ ልዩነት ዛሬ ይበልጥ ትርጉም ያገኘው በ2016 ዓ.ም. በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ኪራይ መጨመር የፈለገ አከራይ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ይጨምር ነበር፤ የሚያግደው ነገር ቢኖር በአብዛኛው የተከራዩ ለቅቄ እወጣለሁ ማለት ነበር። አዋጁ ግን የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና አዋጁን በሚያስፈጽመው ተቆጣጣሪ አካል ዘንድ ተረጋግጦ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ይፋ በሚያደርገው ምጣኔ ብቻ እንዲፈጸም አድርጓል። እንግዲህ ዋናው ኪራይ በዚህ መልኩ ሲታሰር፣ ጭማሪው በጎን በር መግባት ጀመረ። የእርስዎ አከራይ የጠየቁትን 1,800 እና 700 ብር ከኪራዩ ጋር ብንደምረው በየወሩ ከኪስዎ የሚወጣው 17,500 ብር ነው። አሳሳቢው የዛሬው ድምር ብቻ አይደለም። ኪራዩን በሚቀጥለው ዓመት እንደፈለጉ ሊጨምሩ አይችሉም፤ «የውሃና የመብራት» የተባለውን ቁርጥ ሂሳብ ግን ወሰን ካልተበጀለት «ታሪፍ ጨመረ» ብለው በፈለጉት ወር ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ቅድመ ክፍያውን በተመለከተ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። አዋጁ አከራይ በቅድሚያ የሚቀበለው ገንዘብ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወስኗል። በ15,000 ብር ሂሳብ ይህ 30,000 ብር ነው፤ የተጠየቁት ግን መያዣውን ጨምሮ 105,000 ብር ነው። መያዣው ከሁለት ወሩ ጣሪያ ውጪ ነው የሚሉ አከራዮች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቤቱን ሳይረከቡ ተከፍሎ አከራዩ እጅ የሚቆይ ገንዘብ ስሙ መያዣ ስለተባለ ብቻ ከጣሪያው ካመለጠ ድንጋጌው ዋጋ አይኖረውም። አከራዩ ስለ ንብረታቸው ከሠጉ፣ ከሁለቱ ወር አንዱ በመጨረሻው ወር ኪራይ እንዲታሰብ ወይም ለጉዳት ማስያዣ እንዲሆን በውሉ ውስጥ መስማማት ትችላላችሁ። ያኔ የሳቸው ሥጋት መልስ ያገኛል፣ እርስዎም ከጣሪያው በላይ አይከፍሉም።

አሁን በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ወደ ጠቀሱት፣ ለእኔ ግን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በውሉ ላይ 9,000 ብር እንዲጻፍ የተፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከኪራይ ገቢ ላይ የሚከፈለው ግብር የአከራዩ ግዴታ ሲሆን መጠኑም የሚሰላው ከተመዘገበው ገቢ ነው። ብዙ ተከራዮች «ግብሩ የሳቸው ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» ብለው ይፈርማሉ። ነገር ግን ያገባዎታል። አንደኛ፣ ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ለመንግሥት አካል በሚቀርብ ሰነድ ላይ መፈረም ለእርስዎም የተጠያቂነት በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል አዋጁ ስለሚያዝ 9,000 ብሩ በባንክ፣ የቀረው 6,000 ብር ደግሞ በእጅ ይጠየቃሉ ማለት ነው። በእጅ የሰጡትን ማን ይመሰክርልዎታል? ከዓመት በኋላ ጠብ ቢነሳ፣ ከፍያለሁ የሚሉትን ገንዘብ ማስረዳት የእርስዎ ሸክም ይሆናል፤ አከራዩም 6,000ው ባልተከፈለበት ወር «ልቀቂልኝ» ከማለት የሚያግዳቸው ነገር አይኖርም፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም ወደ ሕግ መሄድ የምትፈሩበትን ውል ተፈራርማችኋል። በተግባር እንዳየሁት ተከራይን አንገት የሚያስደፋው የኪራዩ መወደድ ሳይሆን ይህ ዓይነቱ የጋራ ምስጢር ነው። ስለዚህ በሌላው ሁሉ ቢለሳለሱ እንኳ በዚህ አይለሳለሱ፤ የሚከፍሉት ገንዘብና የሚጻፈው ገንዘብ አንድ ይሁኑ።

ወደ ውሃና መብራቱ እንመለስ። ቁርጥ ክፍያ ሁልጊዜ ማጭበርበር ነው አልልም። አንድ ቆጣሪ ለብዙ ተከራይ በሚያገለግልበት ግቢ ውስጥ፣ በየወሩ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ሁሉም የሚያውቀው ቁርጥ ሂሳብ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በኮንዶሚኒየም ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆጣሪ እንዲኖረው ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ቁርጥ ሂሳብ የሚጠየቅበት ምክንያት እምብዛም የለም። ቤቱን ሊያዩ ሲሄዱ ቆጣሪው የት እንዳለና የየትኛው ቤት እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንድ መብራት አብርተውና አጥፍተው ቆጣሪው ሲንቀሳቀስና ሲቆም ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በፍጆታ መጠን በሰባት እርከን የተከፋፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ሲከፍል፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ከፍተኛውን ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ከፍ እየተደረገ መሆኑ እውነት ነው፤ አከራዩም ይህንን ሊጠቅሱልዎት ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንዲት ብቸኛ ነዋሪ የምትጠቀመው ምን ያህል እንደሆነ በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ ይችላል። አነስተኛ ማቀዝቀዣ በቀን ወደ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በወር 30 ይወስዳል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ቢሠራ በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጅ ሲጨመሩበት፣ የሻወር ማሞቂያ ከሌለ፣ መቶ መድረሱ ያጠራጥራል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቢኖር፣ ቆጣሪውን ለብቻ የሚጠቀም ሰው በዝቅተኛው እርከኖች ውስጥ ሲቆይ፣ ቆጣሪው ከአከራዩ ቤተሰብ ጋር ከተጋራ ግን የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚገፋ፣ እርስዎ የተጠቀሙትን ትንሽ መጠን እንኳ በውድ ዋጋ ይከፍላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው የብቻዎ ከሆነ የደንበኛ ቁጥሩን ተቀብለው የመብራቱን ሂሳብ በቴሌብር ወይም በባንክ በቀጥታ ለመክፈል ይጠይቁ፤ የውሃውንም እንዲሁ። ከተጋራ ግን የወሩ ቢል እየታየ በነዋሪ ቁጥር እንዲከፋፈል፣ ቢሉም ለእርስዎ እንዲታይ በውሉ ይጻፍ። «ቢሉን ላሳይሽ አልችልም» የሚል አከራይ የሚጠይቀው የመብራት ሂሳብ አይደለም። ውሉ በሚጀምርበት ቀን የሁለቱንም ቆጣሪዎች ቁጥር በስልክዎ ፎቶ አንስተው ለአከራዩ በቴሌግራም ይላኩ፤ ያለፈው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ በእርስዎ ላይ እንዳይወድቅ የሚከላከል ይህን ያህል ርካሽ ማስረጃ አላውቅም።

የጥበቃና የጽዳት 700 ብሩን በአጭሩ ልለፈው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የጋራ ወጪ የሚሰበስበው በጋራ ሕንፃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ሲሆን ግዴታውም የባለቤቱ ነው። ተከራይ እንዲከፍል መስማማት አይከለከልም፤ ግን ማኅበሩ ከአንድ ቤት የሚሰበስበውን ትክክለኛ መጠን ከኮሚቴው ወይም ከጎረቤት ይጠይቁና ከዚያ አስበልጠው አይክፈሉ። ማኅበሩ 300 ብር የሚሰበስብ ከሆነ የቀረው 400 ብር የት እንደሚሄድ ያውቁታል።

የእንግዳ ክፍያው በእኔ ልምድ ብቻቸውን በሚኖሩ ሴቶች ላይ በብዛት የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አከራዮች የሚሰጡት ምክንያት ውሃ ይበዛል፣ በር ይከፈታል የሚል ቢሆንም፣ ለአንድ ሌሊት 300 ብር የሚያስወጣ ውሃ የሚጠጣ እንግዳ ግን አላየሁም። ክፍያው በእርግጥ እንዲያገለግል የታሰበው ማን እንደመጣ ለማወቅና እንግዳ ለማስቀረት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ለማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት ሲሰጥ መኖሪያ ቤቱንም በዚሁ ጥበቃ ሥር አድርጎታል፤ የተከራየ ቤት የተከራዩ መኖሪያ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። በውል ውስጥ «ለአንድ ሌሊት እንግዳ 300 ብር» ተብሎ በገደብ፣ ማለትም ውሉን የጣሰ ወገን በሚከፍለው መቀጫ መልክ ከተጻፈና ከፈረሙ፣ አከራዩ ምንም ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ማሳየት ብቻውን ላያድንዎት ይችላል፤ በሕጋችን ገደብ የሚጠየቀው ጉዳት ባይደርስም ጭምር ነውና። ሕገ መንግሥቱን እየጠቀሱ በፍርድ ቤት መከራከር ይቻላል፣ ግን ሳይፈርሙ ይህን ቃል ከውሉ ማስወጣት እጅግ ይቀላል።

በእንግዳ ክፍያው ፈንታ ምን ይጻፍ ብለው ከጠየቁኝ፣ ቤቱ በሕግ የተከራየው ለአንድ ሰው መሆኑን፣ ሌላ ሰው በቋሚነት እንዲኖር ሲፈለግ አከራዩ እንዲያውቁ መደረጉን፣ ለምሳሌ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ እንግዳ በቋሚ ነዋሪ እንደሚቆጠር መስማማት ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። ከገጠር የመጣች እናት ለሕክምና ሦስት ሳምንት ብትቆይ ስልክ ደውሎ ማሳወቅ ለማንም አይከብድም። ነገር ግን እህትዎ ቅዳሜ ማታ ብታድር 300 ብር ማለት፣ ቤት ከማከራየት የተለየ ሥራ ነው።

የ3 ሰዓቱን ገደብ ከዚሁ ጋር አያይዤ ባየው እመርጣለሁ፣ ምንጩ አንድ ነውና። አከራይ የግቢው ደኅንነት ሊያሳስባቸው ይችላል፤ ለዚህ ግን መፍትሔው እርስዎን በሰዓት ማሰር ሳይሆን ለእርስዎ የግቢ በር ቁልፍ መስጠት ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የጋራ በር ካለ የሚከፍተው ጥበቃ ስለሆነ አከራዩ ሰዓት የሚወስኑበት ሥልጣን እንኳ የላቸውም። የማታ ትምህርት ካለዎት፣ ወይም ሥራዎ የማታ ፈረቃ ካለው፣ ይህንን አስቀድመው ይናገሩ፤ ካልተስማሙ ሌላ ቤት መፈለግ እንጂ በኋላ ወሬ ሆኖ መነሳቱ አይጠቅምም። ጩኸትን የሚመለከት ደንብ፣ ማለትም ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሙዚቃ ከፍ እንዳይል፣ ከዚህ ይለያል፤ እሱ የጎረቤት መብት ስለሆነ ያለ ማንገራገር ይቀበሉት።

ስለ ትርፍ ቁልፉ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም እሳት ቢነሳ አከራዩ ሊገቡ የሚችሉበት መንገድ ቢኖር ጥሩ ነው። ክፋቱ ቁልፉ ያለ ደንብ ሲቀመጥ ነው። ተከራይ በሌለበት ገብቶ መመልከት በአገራችን እንደ ተራ ነገር ይታይ እንጂ የወንጀል ሕጉ የሰውን መኖሪያ ቤት መድፈርን ያስቀጣል፤ የቤቱ ባለንብረት መሆንም ያለ ተከራዩ ፈቃድ ለመግባት ማመካኛ አይሆንም። ስለዚህ ውሉ «አከራይ ከአደጋ በቀር ከ24 ሰዓት በፊት ሳያሳውቅና ተከራይ ሳትኖር አይገባም» ይበል፤ ትርፍ ቁልፉም በታሸገ ፖስታ፣ በማሸጊያው ላይ በሁለታችሁ ፊርማ ይቀመጥ። ከዚህ ቀደም በዚያ ቤት የኖሩ ሰዎች ቁልፉን እንዳላስቀረጹ ማረጋገጥ ስለማይቻል፣ በሩ ላይ የራስዎን ተጨማሪ ቁልፍ ለማስገባት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ወጪው የእርስዎ ይሁን።

ከክልከላዎቹ ሁሉ ለአከራዩ ጥቂት ልፈርድላቸው የምፈልገው በምጣዱ ነው። ብዙ ተከራዮች «በራሴ መብራት ምን አገባቸው» ይላሉ፤ ግን 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ላይ ወደ 16 አምፔር ይጠይቃል። ይህ ለተራ ሶኬት የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ሲሰካ፣ በተለይም ስቶቭ ወይም ካውያ አብሮ ከሠራ፣ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ብሬከሩ ካልሠራ ደግሞ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ያየሁበት ክፍል የሚቆጠር አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው ምጣድ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል ሳይሆን፣ ለምጣድ የተለየ መስመር አለ ወይስ የለም የሚል መሆን አለበት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥተው ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር እንዲዘረጋ፣ ወጪውም ከሁለት ወር ኪራይ ላይ እንዲቀነስ ወይም በጋራ እንዲሸፈን ያቅርቡ። አከራዩ ይህንንም እምቢ ካሉ ችግሩ ሽቦው እንዳልሆነ ይገነዘባሉ፤ ያኔ እንጀራ ከሱቅ ገዝተው ለመኖር መስማማት ወይም አለመስማማት የእርስዎ ምርጫ ነው።

ብቻዎን ስለሆኑ የተጠየቁት ዋስ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። አከራይ የሚያከራዩትን ሰው የመምረጥ ነፃነት አላቸው፤ «ለላጤ አይሆንም» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ቅር ቢልም በአዋጁ ውስጥ ይህን የሚከለክል ድንጋጌ የለም። ዋስ ሆኖ ለሚፈርምልዎት ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ግን አንድ ነገር ይንገሩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ የለውም። ወረቀቱ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» እንዳይል፣ ይልቁንም «እስከ 30,000 ብር» የሚል ቁጥር ይኑረው። ደላሎች ደግሞ «ባለትዳር ነኝ፣ ባሌ ውጭ አገር ነው በዪ» ብለው ይመክራሉ፤ ይህን አይስሙ። ውሸቱ ሲታወቅ ለአከራዩ የማስወጣት ሰበብ ሆኖ ያገለግላል እንጂ ምንም አይጠቅምዎትም፣ በዚያ ላይ ለሁለት ዓመት የሌለ ባል መጠበቅ አድካሚ ነው።

በድርድሩ ላይ ይህንን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘርግፉት። ከአከራዩ ጋር ሲገናኙ በሚቀሉት ይጀምሩ፤ የጩኸቱን ደንብ፣ የቋሚ ነዋሪውን ቁጥር፣ ንብረት በአግባቡ መያዝን ሳይከራከሩ ይቀበሉ። ቀጥሎ ሂሳብ የሚያስረዱባቸውን፣ ማለትም ቆጣሪውንና የማኅበሩን መዋጮ በቢል እንዲሆኑ ይጠይቁ። አዋጁን የሚያነሱት በመጨረሻ፣ ስለ ቅድመ ክፍያውና በውሉ ስለሚጻፈው መጠን ሲነጋገሩ ነው፤ ያን ጊዜም «ወረዳ ስናስመዘግበው ይህ ችግር ያመጣብናል» ቢሉ «እከስዎታለሁ» ከማለት የተሻለ ይሰማል፣ ሐሰትም የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ውል የሚመዘገበው በወረዳው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ውሉ ከተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ሲሄዱ የሁለታችሁን መታወቂያና የቤቱን ባለቤትነት የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ አከራዩ ራሳቸው ባለቤት ካልሆኑ ውክልናቸውን ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ይመልከቱ።

ከመግባትዎ በፊት የርክክብ ወረቀት ያዘጋጁ፦ የመስታወት ስንጥቅ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የጎደለ ሶኬት፣ የግድግዳ እድፍ ሁሉ በስም ይጻፍ፣ ፎቶውም ከወረቀቱ ጋር ይኑር። ሲለቁ ከመያዣው ላይ የሚቀነሰው በዚህ ወረቀት ላይ ከሌለ አዲስ ጉዳት ብቻ እንደሆነ፣ ቀሪው ገንዘብ ቁልፍ ባስረከቡ በምን ያህል ቀን እንደሚመለስ፣ ውሉንም ለማቋረጥ ስንት ጊዜ አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚገባ ይወሰን። አከራዩ ቅድመ ክፍያውን ወደ ሁለት ወር ለማውረድና ትክክለኛውን 15,000 ብር ለመጻፍ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ የሌላው ነገር ሁሉ መፍትሔ አለው፤ ቤቱን ይከራዩት። በእነዚህ በሁለቱ ካልተስማሙ ግን ሰሚት ሰፊ ነው፤ የሰጡት ቀብድ ካለ ደረሰኙን ይዘው እንዲመለስልዎት በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ሌላ ቤትም መፈለግ ይጀምሩ።